ታላቁ አሠልጣኝ ማነው? ድሉስ የማን ነው?

ነገሩ የተጀመረው በማኪያቶ ሒሳብ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ጣሊያን ሠርቶት ከሄደው ፖስታ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ከሥራ በኋላ የምንሰባሰብባት አንዲት ካፌ አለች። ኳስ ባለበት ምሽት ወንበር አይገኝባትም። ኳስ በሌለበት ምሽት ደግሞ ስለ ኳስ የሚከራከር አይጠፋባትም። ባለፈው ሰሞን ታዲያ አንድ ጠበቃ ወዳጄና አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ወዳጄ ስኒያቸውን ገፋ አድርገው ተፋጠጡ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ የዘመናት ሁሉ ታላቁ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ማነው? የተረታ የአምስታችንን ሒሳብ ይከፍላል ተባለ።

ጠበቃው የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነውና ሰር አሌክስ ፈርጉሰንን ጠራ። መምህሩ ስታቲስቲክስ ያስተምራል፤ ፔፕ ጓርዲዮላ አለ። አጠገባችን ባጃጁን አቁሞ የገባ ወጣት ወዳጃችን ደግሞ «እናንተ ሁሌ የሰው አገር ሰው ነው የምታነሱት፤ የኛስ የለም?» ብሎ ፋሲል ከነማን ለሻምፒዮንነት ያበቃውን ሥዩም ከበደን አነሳ። አምስተኛው ሰው ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ «እናንተ ልጆች፣ መጀመሪያ ምን እንደምትቆጥሩ ተስማሙ። ከዚያ ትቆጥራላችሁ» አሉን።

በዚህ ጊዜ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። «አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፍ የለ? ጻፈውና ይለይልን» ተባልኩ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን ለማኪያቶው ብዬ አይደለም።

ጋሼ በሰፈራቸው የልጆች ቡድን ማሠልጠን ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ባለባጃጁ ወዳጃችንም በልጅነቱ የእሳቸው ተከላካይ ነበር። ዘንድሮ ቡድኑ በሰፈር ውድድር መጨረሻ ወጣ። የቡድኑ ኮሚቴ «ዋንጫ የሚያመጣ አሠልጣኝ ያስፈልገናል» የሚል አጀንዳ ይዞ በሚቀጥለው እሁድ ሊሰበሰብ ነው። ባለባጃጁ የኮሚቴው አባል ነው፤ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ «ታላቅ አሠልጣኝ የሚባለው ምን ያደረገ ነው?» የሚለው ጥያቄ ለኛ ጠረጴዛ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ጋሼም ጉዳዩን ያውቁታል፤ አላነሱትም፤ እኛም አላነሳንባቸውም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ክርክሩን በየሚዛኑ ከፋፍዬ አቀርብላችኋለሁ። ፍርዱን መጨረሻ ላይ እሰጣለሁ።

የመጀመሪያው ሚዛን፦ ዋንጫ

ቀላሉ ሚዛን ይኸው ነው። ስንት አነሳ? ተብሎ ይቆጠራል። በዚህ ሚዛን ፈርጉሰን ከባድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ ከ1986 እስከ 2013 ማንቸስተር ዩናይትድን ይዞ 13 የእንግሊዝ ሊግ ዋንጫዎችንና ሁለት የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫዎችን ጨምሮ 38 ዋንጫዎችን አንስቷል። ይሁንና ሚዛኑ የአውሮፓ ዋንጫ ብቻ ቢሆን ፈርጉሰን አንደኛ አይወጣም። ካርሎ አንቼሎቲ ቻምፒየንስ ሊግን አምስት ጊዜ ወስዷል፤ በ2003፣ በ2007፣ በ2014፣ በ2022 እና በ2024። በጣሊያን፣ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በስፔን የሊግ ሻምፒዮን የሆነ አሠልጣኝም እሱ ብቻ ነው። ጓርዲዮላ ሦስት አለው፤ የሊቨርፑሉ ቦብ ፔዝሊም ሦስት ነበረው፤ ያውም በዘጠኝ ዓመት የአሠልጣኝነት ዘመን። የዓለም ዋንጫ ይሁን ካላችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ የወሰደ አሠልጣኝ በታሪክ አንድ ብቻ ነው፤ በ1934 እና በ1938 ጣሊያንን የመራው ቪቶሪዮ ፖዞ።

ወደ አፍሪካ ስንመጣም ቆጠራው እንዲሁ ይሄዳል። ጋናዊው ቻርለስ ጊያምፊ የአፍሪካ ዋንጫን በ1963፣ በ1965 እና በ1982 አነሳ። ግብፃዊው ሐሰን ሸሐታ በ2006፣ በ2008 እና በ2010 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ወሰደው። በተከታታይ ሦስት የወሰደ ሌላ አሠልጣኝ የለም።

ታዲያ ይህ ሚዛን ምን ይጎድለዋል? የስታቲስቲክሱ መምህር ራሱ ነው የመለሰልኝ። «ዋንጫ ሲቆጠር የምትቆጥረው አሠልጣኙን ብቻ አይደለም። የክለቡን ገንዘብ፣ የተጫዋቾቹን ችሎታ፣ የተጋጣሚውን ብዛትና ዕድሉንም አብረህ ትቆጥራለህ» አለኝ። የራሱ ዕጩ ጓርዲዮላ ባለጸጋ ክለቦችን ብቻ ማሠልጠኑን ስናስታውሰው ፈገግ ብሎ «እሱንም ጨምር» አለ።

የራሳችንን ምሳሌ እንውሰድ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው አንድ ጊዜ ነው፤ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ። በዚያ ውድድር የተካፈሉት አራት አገሮች ነበሩ። አስተናጋጇ ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። በፍጻሜው ደግሞ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን፣ ሁለት ጊዜ ከመመራት ተነስታ፣ በተጨማሪ ሰዓት በተመሳሳይ 4 ለ 2 ረታች። ሁለት ጨዋታ፣ ሁለት ድል፣ አንድ ዋንጫ። ድሉ ታላቅ ነው፤ የግብፅን ሻምፒዮን ቡድን በዚያ ሁኔታ ማሸነፍ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን በሁለት ጨዋታ የተገኘን ዋንጫና ዛሬ ሰባት ጨዋታ ተጫውቶ የሚገኘውን ዋንጫ «አንድ አንድ» ብሎ እኩል መቁጠር አያስኬድም።

ሁለተኛው ሚዛን፦ በምን ዕቃ ሠራው?

ወጥ የሚሠራ ሰው የሚመዘነው በቀረበለት አስቤዛ ነው። ሥጋና ቅቤ ሞልቶለት ጥሩ ወጥ የሠራና ሽሮ ብቻ ይዞ እንግዳ ያስደሰተ እኩል አይመሰገኑም። በዚህ ሚዛን ብራያን ክላፍ ፊት ይቀመጣል። በ1975 ኖቲንግሃም ፎረስትን ሲረከብ ክለቡ በእንግሊዝ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነበር። በ1977 አሳደገው፤ በ1978 የእንግሊዝ ሻምፒዮን አደረገው፤ በ1979 እና በ1980 የአውሮፓ ሻምፒዮን አደረገው። በአምስት ዓመት ውስጥ ማለት ነው። የሴልቲኩ ጆክ ስታይን ደግሞ በ1967 ሊዝበን ላይ ኢንተር ሚላንን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ሲወስድ ያሰለፋቸው ተጫዋቾች በሙሉ ከግላስጎው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ የተወለዱ ነበሩ። ከጎንደር ደባርቅ ካለው መንገድ ግማሹን እንደማለት ነው። ከአዘዞና ከዳባት መካከል በተገኙ ልጆች የአፍሪካን ሻምፒዮን መሆን ብላችሁ አስቡት።

ለኛ በዚህ ሚዛን የሚነሳው ሰውነት ቢሻው ነው። ኢትዮጵያ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ በአፍሪካ ዋንጫ ሳትታይ 31 ዓመት ቆይታለች። ሰውነት ቡድኑን ሲረከብ አብዛኞቹ ተጫዋቾች በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ነበሩ። ከእሱ በፊት በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት የውጭ አሠልጣኞች፣ ኢፌም ኦኑራና ቶም ሴንትፊት፣ መጥተው ሄደዋል። ሰውነት በመጀመሪያ ቤኒንን፣ ከዚያ ሱዳንን አልፎ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ የዓመታቱን ናፍቆት ዘጋው። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ያገቧቸው ሁለት ግቦች ያኔ ጎንደር ፒያሳ ድረስ የመኪና ጥሩምባ አስነፍተዋል። የዛሬው ባለባጃጅ ያኔ ልጅ ነበር፤ እስከ ፋሲል ግንብ አጥር ድረስ እየሮጠ እንደጨፈረ ነግሮናል።

እዚህ ላይ ግን የመምህሩን ማስጠንቀቂያ አንርሳ። ከቤኒን ጋር የነበረው ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ 0 ለ 0፣ ኮቶኑ ላይ 1 ለ 1 ነው ያለቀው። ከሱዳን ጋር ከሜዳ ውጪ 5 ለ 3 ተሸንፈን በሜዳችን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ በድምር 5 ለ 5። ሁለቱንም ያለፍነው ከሜዳ ውጪ ባገባነው ግብ ብልጫ ነው። የአውሮፓው ማኅበር ይህን ሕግ በ2021 ከውድድሮቹ አስወግዶታል። ሕጉ ያኔ ባይኖር፣ ወይም ከሱዳን ጋር አንድ ኳስ ወደ ሌላ አቅጣጫ ብትሄድ፣ ሰውነት ዛሬ «ያላሳለፈን አሠልጣኝ» ተብሎ ሊረሳ ይችል ነበር። ሰውየው ያው ሰው፣ ሥራውም ያው ሥራ ሆኖ ማለት ነው።

ደቡብ አፍሪካ ላይም የሆነው ይታወቃል። ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በኋላ ዋንጫውን በወሰደችው ናይጄሪያ 2 ለ 0። ከዚያ ሰኔ 2005 ዓ.ም. ላይ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ። በቅጣት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ከቦትስዋና ጋር በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ተቀነሰበት፤ ያም ሆኖ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ ደረሰ። ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ አስቀረችው። በጥር 2006 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ተጫዋቾች በሚካሄደው የአፍሪካ ውድድር ሦስቱንም የምድብ ጨዋታዎች ተሸነፈ። ወዲያውም ተሰናበተ። 31 ዓመት ያልተገኘን ነገር ያስገኘ ሰው በሦስት ጨዋታ ሄደ። የማን ሚዛን ነበር እንደዚያ የመዘነው?

ሦስተኛው ሚዛን፦ ጨዋታውን ለውጧል ወይ?

አንዳንድ አሠልጣኞች የሚታወሱት በዋንጫቸው ሳይሆን በሐሳባቸው ነው። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1999 የምዕተ ዓመቱ አሠልጣኝ ብሎ የመረጠው ሆላንዳዊውን ሪነስ ሚሸልስን ነበር። ሚሸልስ ሁሉም ተጫዋች ሁሉንም ቦታ የሚሸፍንበትን አጨዋወት በአያክስና በሆላንድ ብሔራዊ ቡድን አሳየ። በ1974 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ተሸንፏል፤ ሆኖም ዛሬ ድረስ የሚወራው ስለዚያ ተሸናፊ ቡድን ነው። የእሱ ተጫዋች የነበረው ዮሐን ክራይፍ ሐሳቡን ወደ ባርሴሎና ወሰደው፤ የክራይፍ ተጫዋች የነበረው ጓርዲዮላ ደግሞ እስከ ዛሬ አደረሰው። ስለዚህ የመምህሩ ዕጩ የቆመው በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ነው።

አሪጎ ሳኪም አለ። ፕሮፌሽናል ተጫዋች ሆኖ አያውቅም። በአባቱ የጫማ ሥራ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ኤሲ ሚላንን ይዞ በ1989 እና በ1990 የአውሮፓን ዋንጫ ሲወስድ፣ ተከላካዮቹና አጥቂዎቹ ተጠጋግተው ሜዳውን የሚያጠቡበት አሠራሩ የጣሊያንን ኳስ ቀየረው። «ኳስ ያልተጫወተ አሠልጣኝ አይሆንም» ለሚሉ ወገኖች መልሱ እሱ ነው። ጋሼም በታዋቂ ክለብ አልተጫወቱም። ኮሚቴው ውስጥ ከተነሱባቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው እንደሆነ ሰምቻለሁ።

አራተኛው ሚዛን፦ ምን ትቶ ሄደ?

ይህን ሚዛን ያነሱት ጋሼ ናቸው። «ገበሬ የሚታወቀው በዘንድሮ ምርቱ ብቻ ሳይሆን ለከርሞ ባስቀረው ዘር ነው» አሉን። በዚህ ሚዛን ፈርጉሰን እንደገና ይነሳል፤ በዋንጫው ሳይሆን የክለቡን የታዳጊዎች ሥራ ከመሠረቱ አስተካክሎ እነ ራያን ጊግስን፣ ፖል ስኮልስንና ዴቪድ ቤካምን ከሥር ስላወጣ። አንድን ቡድን አርጅቶ ሲፈርስ ሌላ መሥራት፣ እሱም ሲያረጅ ሦስተኛ መሥራት የቻለ ሰው ነው።

በኛ አገር በዚህ ሚዛን ከአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ጋር የሚወዳደር የለም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፣ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራችና እ.ኤ.አ ከ1972 ጀምሮ በ1987 ሕይወታቸው እስካለፈበት ድረስ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የአፓርታይድ አገዛዝ የነበረባት ደቡብ አፍሪካ ከአህጉሩ ኳስ እንድትገለል በጽናት ከታገሉት አንዱ ናቸው። እሳቸው የተዉት አንድ ቡድን ሳይሆን አንድ አህጉራዊ ተቋም ነው። ነገር ግን ጥያቄያችን ስለ አሠልጣኝ ነው። የአስተዳዳሪነታቸውን ክብር ወደ አሠልጣኝነት ሚዛን ማዛወር ተገቢ አይመስለኝም።

መንግሥቱ ወርቁን ደግሞ እናስታውስ። በ1954ቱ ፍጻሜ አራተኛዋን ግብ ያገባው እሱ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ በአሠልጣኝነት ቡድኑን ይዞ ሊቢያ ሄደ። በዋንጫው ባለቤት ናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጣ። ያቺ አልጄሪያ ከሦስት ወር በኋላ በስፔኑ የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈችው ናት። አንድም ግብ ሳያገባ የተመለሰ ቡድን ተብሎ ተረሳ። ከዚያ በኋላ ግን ወደዚያ መድረክ ለመመለስ 31 ዓመት እንደሚፈጅብን ማን ያውቅ ነበር? አንዳንድ ሥራ ዋጋው የሚታወቀው ሌላው ሲያቅተው ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጥያቄ፦ ድሉ የማን ነው?

አራቱን ሚዛኖች ካስቀመጥኩ በኋላ ነው ዋናው ችግር የታየኝ። ድሉን የማን ብለን ነው የምንመዝገበው?

የ1954ቱን ዋንጫ እንይ። አሠልጣኙ ማን ነበር? ብዙዎቻችን ይድነቃቸው ተሰማ እንላለን፤ በፍጻሜው ቀን ቡድኑን የመሩት እሳቸው ተብለው ተመዝግበዋል። የብሔራዊ ቡድኑን አሠልጣኞች የሚዘረዝሩ መዛግብት ግን በዚያው ጊዜ ዩጎዝላቪያዊውን ስላቭኮ ሚሎሴቪችን ያስቀምጣሉ። የብቸኛው ዋንጫችን ምስጋና እንዲህ ለሁለት ሰው የሚከፈል ነው። እነ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁን የመሰሉ ተጫዋቾች መኖራቸውን ስንጨምርበት ደግሞ ለስንት ሊከፈል ነው?

ወደ ቅርቡ እንምጣ። ዋልያዎቹ በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ያለፉት በውበቱ አባተ ነው እንላለን። እውነት ነው፤ ማዳጋስካርን ባሕር ዳር ላይ 4 ለ 0 ያሸነፈው እሱ ነው። በኋላም ሜዳችን ብቁ አይደለም በመባሉ ማላዊ ድረስ ሄዶ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 የረታው እሱ ነው። ሆኖም ያንን የማጣሪያ ጉዞ ስናስብ ኮትዲቯርን ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 1 ያሸነፈው ቡድን አሠልጣኝ አብርሃም መብራቱ እንደነበር ማንሳት አለብን። ያ ድል ባይኖር ማለፍ አይታሰብም ነበር። አብርሃም ከዚያ በፊት የመንን በጦርነት ውስጥ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ ያበቃ ሰው ነው። ሜዳ የሌለውን ቡድን ይዞ ማለት ነው። ስንቶቻችን እናስታውሰዋለን?

ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያደገው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሌላው የጎንደር ቡድን ዳሸን ቢራ ከሊጉ ወረደ፤ ከተማዋ በአንድ ዓይኗ አልቅሳ በሌላው ሳቀች። በ2011 ዓ.ም. ውበቱ አባተ ፋሲልን ይዞ ኳስን መሠረት ያደረገ ቡድን ሠራ፤ እስከ መጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ድረስ ለዋንጫ ተፎካክሮ ቀረ። ዋንጫውን መቀለ 70 እንደርታ ወሰደው። የመቀለው አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ ባለፈው ዓመት ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አድርጎ የመጣ ነበር። በሁለት ተከታታይ ዓመት ሁለት የተለያዩ ክለቦችን ሻምፒዮን ማድረግ በኛ ሊግ የት ይገኛል? ይህም ሰው ካፌአችን ውስጥ ማንም ሳይጠራው ቀረ። የተፎካካሪ አሠልጣኝ ስለሆነ ብቻ።

ከውበቱ በኋላ ሥዩም ከበደ ፋሲልን ተረከበ። በ2013 ዓ.ም. አፄዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆኑ። ባለባጃጁ ስሙን ሲጠራ ዓይኑ የሚያበራው ለዚህ ነው። ያ ዓመት ግን ልዩ ነበር። በኮሮና ምክንያት ሊጉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ነው የተካሄደው። የጎንደር ቡድን ሻምፒዮን ሲሆን ጎንደር ላይ አንድም ጨዋታ አላደረገም። የከተማው ሰው የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያየው በዲኤስቲቪ ነው። የፋሲለደስ ስታዲየም ባዶ ነበር። ያለ ደጋፊው ጩኸት፣ ከቤቱ ርቆ፣ ሆቴል ለሆቴል እየዞረ ቡድን አሰባስቦ ዋንጫ ማምጣት በሁለተኛው ሚዛን ትልቅ ሥራ ነው። በአንጻሩ ሁሉም ክለብ ከሜዳው የራቀ መሆኑን፣ ቡድኑም ከውበቱ ዘመን ጀምሮ የተሠራ መሆኑን መካድ አይቻልም። አንዱ ዘራ፣ ሌላው አረመ፣ አጨደም። ሁለቱም ባይኖሩ እህሉ ጎተራ አይገባም ነበር።

ይህን ስል ባለባጃጁ አቋረጠኝ። «ታዲያ የዘራውን ማን ያመሰግነዋል?» አለ። ማንም ወዲያው አልመለሰለትም።

እንግዲህ ፍርዱ

ዳኛ ሆነህ ስትመረጥ ማምለጥ ነውር ነው። ከዓለም ፈርጉሰንን እመርጣለሁ። ምክንያቴ 38ቱ ዋንጫ አይደለም። ከአራቱ ሚዛኖች በሦስቱ ከፍ ብሎ የሚገኝ ሰው ስለሆነ ነው። ዋንጫው አለ፤ የተወው ዘር አለ፤ በሁለተኛውም ሚዛን ቢሆን ወደ ማንቸስተር ከመምጣቱ በፊት አበርዲንን ይዞ የስኮትላንድን ትልልቆች ሴልቲክንና ሬንጀርስን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ1983 ደግሞ ሪያል ማድሪድን በፍጻሜ ረትቶ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ወስዷል። በሐሳብ ሚዛን ሚሸልስና ሳኪ ይበልጡታል። ያ አይካድም። አንድ ነገር ግን ላክል። ፈርጉሰን ማንቸስተር ዩናይትድ ከገባ በኋላ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው በ1990 ነው፤ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ። የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ለማምጣት ስድስት ዓመት ተኩል ፈጅቶበታል። በኛ አገር ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ዓመት ሻንጣውን ይዞ ይወጣ ነበር፤ ታሪክም አያውቀውም ነበር።

ከአገራችን ሰውነት ቢሻውን እመርጣለሁ። ዕድል እንዳገዘው አይቻለሁ፤ ጽፌዋለሁም። ይሁን እንጂ ባለው ዕቃ የደረሰበት ርቀት፣ ከዓለም ዋንጫ ሁለት ጨዋታ ብቻ ቀርቶት መቆሙ፣ ከእሱ በፊትም ሆነ በኋላ በኛ አሠልጣኝ አልተደገመም። የቡድናችን መጠሪያ የሆነችው ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። ገደል ላይ፣ ጥቂት ሣር እየጋጠች ነው የምትኖረው። ሰውነትም የሠራው እንደዚያው ነው።

ጠበቃው ዕጩው ስላሸነፈለት ደስ ብሎት «ሒሳቡን መምህሩ ይክፈል» አለ። መምህሩ ይግባኝ ጠየቀ። በመጨረሻ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ዳኛ ከተሟጋቾች አይበልጥም ተብዬ።

የቀረችው የባለባጃጁ ጥያቄ ናት። ስንወጣ ጋሼን ባጃጁ ውስጥ አስገብቶ ወደኔ ተመለሰና በሹክሹክታ «ጋሼንስ በየትኛው ሚዛን ልመዝናቸው?» አለኝ። መልሴን ያኔ አልነገርኩትም፤ እዚህ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያው ሚዛን ጋሼ ምንም የላቸውም። የልጆቹ ቡድን ዋንጫ አያውቅም። በሁለተኛው ሚዛን ያላቸው ዕቃ ተዳፋት ሜዳ፣ ሦስት ኳስና ከትምህርት ቤት መልስ ምሳቸውን በቅጡ ያልበሉ ልጆች ናቸው። በሦስተኛው ሚዛን ያመጡት ሐሳብ አንድ ነው፤ እሱም ማንም ልጅ ሙሉ ውድድሩን ተቀያሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እንዳይጨርስ ማድረግ ነው። ዘንድሮ መጨረሻ የወጡትም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። በአራተኛው ሚዛን ግን ወዳጄ ሆይ፣ ራስህን ተመልከት። ኳስ ተጫዋች አልሆንክም። ይሁንና ከሰፈርህ ሃያ ዓመት ሙሉ በየማምሻው ከመንገድ ተሰብስበው ሜዳ የዋሉትን ልጆች አንድ በአንድ ብትቆጥር፣ ከአንተ ሌላ የኮሚቴውን ወንበሮች የያዙት እነማን እንደሆኑ ታያለህ። ጋሼን ለማሰናበት የሚሰበሰቡት ሰዎች አብዛኞቹ ጋሼ ያሠለጠኗቸው ናቸው።

ለቡድኑ ወጣት ረዳት ይቀጠር የሚል ሐሳብ ቢነሳ እኔም እደግፋለሁ፤ ጋሼ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ራሳቸውም ይሉታል። ያጨደ ሰው ይምጣ። የዘራውን ሰው ግን በሰፈር ውድድር ሠንጠረዥ አትመዝኑት።

ስብሰባው እሁድ ነው። ወዳጄ ይህን ጽሑፍ አሳትሞ ይዞ እንደሚገባ ነግሮኛል። ውጤቱን ሰምተን ለመወያየት ደግሞ ካፌዋ አለች፤ በዚህኛው ዙር ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው። ሳምንት ይድገመን።